ሞገዱን የሚመራው ማን ነው?

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ስለ ተጓዥ ሞገድ፣ ማለትም በሽታን የመሰለ ነገር ከቦታ ወደ ቦታ እየተዛመተ ስለሚሄድበት ሒሳብ፣ ሳስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አነሳች። ሰሌዳው ከዳር እስከ ዳር በቀመር ተሞልቷል፤ ሰዓቱም እያለቀ ስለነበር ትምህርቱን ለመቋጨት እየተጣደፍኩ ነው። «መምህር» አለች፣ «እኩልዮሹ ከዝቅተኛው ልክ በላይ ያለውን ፍጥነት ሁሉ ይፈቅዳል ብለውናል። ታዲያ ሞገዱ ሁልጊዜ ትንሹን የሚይዘው ማን አዝዞት ነው?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም መጽሐፍ ላይ ያለውን መልስ ሰጠኋት፦ ከአንድ ቦታ ብቻ የተነሣ ሞገድ ውሎ አድሮ ዝቅተኛውን ፍጥነት እንደሚይዝ ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ ኮልሞጎሮቭና ባልደረቦቹ በ1937 አረጋግጠዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) መልሱ ትክክል ነው፤ እሷም በደብተሯ ጻፈችው። ሆኖም አንድ ነገር እውነት መሆኑን ማረጋገጥ ሌላ፣ ለምን እውነት እንደሆነ ማየት ሌላ። ማረጋገጫውን መስመር በመስመር አውቀዋለሁ፤ «ማን አዘዘው?» ለሚለው የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ከውስጡ መዝዤ ላወጣ አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ እዚህ ጅማ በአዌቱ ድልድይ ባለፍኩ ቁጥር፣ ፈረንጅ አራዳ ቡና ይዤ በተቀመጥኩ ቁጥር ያ ጥያቄ ይመጣብኝ ጀመር።

ስለ ተማሪዋ አንድ ነገር ልጨምር። ከአጋሮ ወዲያ ያለ የቡና ገበሬ ልጅ ናት። እኔ ሰሌዳ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ ጠመዝማዛ መስመር ስስል፣ እሷ የምታየው ከጎረቤት ማሳ ወደ አባቷ ማሳ የሚሻገር በሽታ ነው። «ፍጥነቱ ስንት ነው?» የሚለው ነገር ለእኔ የምዕራፍ ርዕስ፣ ለእሷ ደግሞ የቤት ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሚጠይቀውን ጥያቄ በመጽሐፍ ጥቅስ መዝጋት ነውር ይመስለኛል።

ሁለቱ ሲገናኙ

ነገሩ የተሠራው ከሁለት ነገሮች ብቻ ነው። አንደኛው መባዛት ነው፦ ጥቂት ሲሆኑ በፍጥነት ይበዛሉ፣ ቦታው ሲሞላ ይቆማሉ። ሁለተኛው መሰራጨት ነው፦ እያንዳንዱ ያለ ዓላማ ወዲያ ወዲህ ይላል። የሚባዛው ፈንገስ ሊሆን ይችላል፣ አይጥ ሊሆን ይችላል፣ ወሬም ሊሆን ይችላል፤ እኩልዮሹ አይጠይቅም።

እያንዳንዳቸውን ለብቻ ብናያቸው አንዳቸውም የረጋ ፍጥነት የላቸውም። መሰራጨት ብቻውን እየደከመ የሚሄድ ነገር ነው። የቀለም ጠብታ በረጋ ውሃ ውስጥ አንድ ጣት ያህል ለመስፋት የወሰደበትን ጊዜ ያዙና ሁለት ጣት ለመስፋት አራት እጥፍ፣ ሦስት ጣት ለመስፋት ዘጠኝ እጥፍ ይፈልጋል። መባዛት ደግሞ ብቻውን ከተወለደበት ቦታ ፈቀቅ አይልም፤ እዚያው ይሞላና ያቆማል። እየደከመ የሚሄደውን እና ፈቀቅ የማይለውን አንድ ላይ ብታደርጓቸው ግን በየዓመቱ እኩል ርቀት የሚጓዝ፣ ቅርጹን የማይለውጥ ሞገድ ይወለዳል። ብዙ ጊዜ አስተምሬዋለሁ፤ አሁንም በደረስኩበት ቁጥር ደስ ይለኛል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአባቶች አባባል እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል፤ እግር ያልነበረው ነገር እግር ያወጣል።

ይህን በ1937 ሁለት ወገኖች ሳይተዋወቁ ደረሱበት። ለንደን ውስጥ የስታትስቲክስና የዘር ሳይንስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር በባሕር ዳርቻ መስመር ላይ የሚኖሩ ፍጥረታትን አሰበና አንድ ጠቃሚ የዘር ባሕርይ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ጠየቀ። ሞስኮ ውስጥ ኮልሞጎሮቭ፣ ፔትሮቭስኪ እና ፒስኩኖቭ ተመሳሳዩን እኩልዮሽ በሒሳብ ሊቃውንት ጥንቃቄ ዳር አደረሱት። ከሁሉም ቀድሞ ደግሞ ጀርመናዊው ኬሚስት ሮበርት ሉተር በ1906 ድሬስደን ላይ በሰጠው ንግግር፣ በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ እንደ ሞገድ የሚጓዝ ኬሚካላዊ ለውጥ አሳይቶ፣ ፍጥነቱ የመባዛቱንና የመሰራጨቱን መጠኖች ብዜት ስኩዌር ሩት እንደሚከተል ተናግሮ ነበር። ብዙዎቻችን ስሙን ሳንሰማ ነው ዲግሪያችንን የምንይዘው።

መሬት ላይ ይታያል ወይ ለሚል ደግሞ የማስክራት ነገር አለ። በ1905 ፕራግ አቅራቢያ ለፀጉሯ ሲባል ጥቂት የማስክራት አይጦች ተለቀቁ። በ1951 ስኬላም የተባለ እንግሊዛዊ አይጦቹ በየዓመቱ የያዙትን የመሬት ስፋት ከካርታ ላይ ወሰደና የስፋቱን ስኩዌር ሩት ከዓመተ ምሕረቱ ጋር አስቀመጠው። ነጥቦቹ በቀጥተኛ መስመር ላይ ተሰለፉ። እኩልዮሹን የማያውቁ አይጦች በእኩልዮሹ ሄዱ።

ከምንም በታች

ዝቅተኛው ፍጥነት ከየት እንደሚመጣ ማየት ቀላል ነው፤ ለጥያቄው ፍንጩም እዚያው ነበር። ከሞገዱ ፊት፣ ሩቅ፣ ምንም የለም ሊባል በሚችልበት ቦታ ላይ እንቁም። እዚያ ያሉት በጣም ጥቂት ስለሆኑ የቦታ ጥበት አይነካቸውም፤ ከእኩልዮሹ ውስጥ «ሲሞላ ይቆማል» የሚለውን ክፍል ማውጣት ይቻላል። የሚቀረው አሥረኛ ክፍል ተማሪ የሚፈታው ባለ ሁለት ዲግሪ እኩልዮሽ ነው። የመባዛትና የመሰራጨት መጠኖችን 1 እና 1 ብናደርጋቸው ፍጥነቱ ከ2 ሲያንስ መልሶቹ ኮምፕሌክስ ቁጥሮች (የኔጌቲቭ ቁጥር ስኩዌር ሩት ያለባቸው) ይሆናሉ። ኮምፕሌክስ ማለት መወዛወዝ ነው፤ በዜሮ ዙሪያ መወዛወዝ ደግሞ ከዜሮ በታች መውረድ ነው። በአንድ ማሳ ላይ ከምንም ያነሰ ፈንገስ ሊኖር አይችልም። ስለዚህ ከ2 ያነሰ ፍጥነት የለም። በጠቅላላው፣ ሁለቱን መጠኖች አባዝቶ ስኩዌር ሩቱን መውሰድ፣ ከዚያም እጥፍ ማድረግ ነው።

ልብ በሉ፣ ይህን ሁሉ ስናደርግ ስለ መሃሉ፣ በሽታው ሞልቶ ስለፈሰሰበት ቦታ፣ አንዲት ነገር አልተናገርንም። ሙሉው ስሌት የተሠራው ምንም በሌለበት ጫፍ ላይ ነው። ይህን በየዓመቱ ለተማሪ እናገረዋለሁ፤ የሒሳብ ዘዴ ነው ብዬ ነበር የማልፈው። ጫፉ ላይ ማስላት ስለሚቀል እዚያ እናሰላለን፣ ሌላ ምን አለው?

በኮምፒውተሩ ላይ

አንድ ምሽት አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። ረጅም መስመር፣ በአንደኛው ጫፍ ጥቂት በሽታ፣ ሌላው ሁሉ ዜሮ። ሞገዱ ተነሣ፤ ፍጥነቱም ወደ 2 ከታች እየተጠጋ ሄደ፣ በጣም በዝግታ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ብራምሰን የተባለ የሒሳብ ሊቅ በ1983 ከአንድ ቦታ የተነሣው ሞገድ ከሐሳባዊው ሞገድ ወደ ኋላ እንደሚቀርና የሚቀርበትም ርቀት በሎጋሪዝም እያደገ እንደሚሄድ አሳይቷል።

ቀጥሎ አጀማመሩን ለወጥኩ። ከፊት ያለውን መሬት ባዶ ከማድረግ ይልቅ እጅግ ስስ የሆነ ጭራ ዘረጋሁበት፤ እየራቀ በሄደ ቁጥር እየመነመነ የሚሄድ፣ በሥዕል ላይ ፈጽሞ የማይታይ። የመመንመኑን ልክ ግማሽ ባደርገው ፍጥነቱ 2.5 ሆነ። ሩብ ባደርገው 4.25 ሆነ። ቀመሩ ግልጽ ነው፦ ልኩንና የልኩን ግልባጭ መደመር። ጭራው ከ1 በላይ በሆነ ልክ በፍጥነት የሚመነምን ከሆነ ግን፣ ምንም ያህል ቢቆረጥ፣ ፍጥነቱ 2 ላይ ይቀራል።

እንግዲህ ተማሪዋ የጠየቀችው «አዛዥ» ይሄው ነበር። ፍጥነቱን የሚወስነው ሞገዱ ከመድረሱ በፊት ፊት ለፊቱ ተበትኖ የቆየው ነገር ነው። ከአንድ ቦታ የተነሣ በሽታ ፊት ለፊቱ የተዘጋጀ ነገር ስለሌለው ሁሉንም ራሱ፣ በመባዛትና በመንከራተት ብቻ፣ መሥራት አለበት፤ ይህ ደግሞ ዝቅተኛው ፍጥነት ነው። ከዚያ በላይ የሚሄድ ሞገድ ሁሉ ሌላ የቀደመለት አለ።

እስከዚህ ድረስ መጽሐፉም ይላል። ያስደነገጠኝ የሚቀጥለው ነው። ሞገዱ እየተጓዘ ሳለ መሃሉን በግማሽ ቀነስኩት። በትልቁ፣ በሚታየው፣ በሞላው ቦታ ላይ ግማሹን በሽታ በአንድ ጊዜ ሰረዝኩት። ጉድጓዱ ብዙም ሳይቆይ ተሞላ፤ ግንባሩ ግን ምንም እንዳልሰማ በዚያው ፍጥነት ሄደ። ከዚያ በተቃራኒው መሃሉን ሳልነካ ፕሮግራሙን እንዲህ ብዬ አዘዝኩት፦ በየእርምጃው፣ ቁጥሩ ከአንድ ሺህኛ በታች የሆነው ቦታ ሁሉ አይባዛ። አንድ ሺህኛ ማለት ሺህ የበሽታ ፍሬ ሊይዝ በሚችል ቦታ ላይ አንድ እንኳን ሳይሞላ ማለት ነው። ሞገዱ ቀስ አለ። በዓይን የሚታይ ልዩነት ነበር።

ለዚህም ቀመር እንዳለው ኋላ ሳነብ አየሁ። ብሩኔና ዴሪዳ የተባሉ ፈረንሳውያን የፊዚክስ ሊቃውንት በ1997 የደረሱበት ነው። በእነሱ ስሌት በአንድ ሺህኛ ላይ የተቆረጠ ሞገድ 10 በመቶ ያህል ይዘገያል፤ በአንድ ሚሊዮንኛ ላይ የተቆረጠ እንኳን ከ2 በመቶ በላይ። ከሚሊዮን አንዱን ማስቆም ጠቅላላውን ጉዞ ያዘገያል፣ ከመሃሉ ግማሹን መጥረግ ግን አያዘገይም! ጫፉ ላይ የምናሰላው ስለሚቀል ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ሞገዱ ራሱ የሚያሰላው እዚያ ነው። ኋላ ያለው ብዙኃን አይገፋም፤ ከፊት ያሉት ጥቂቶች ይጎትቱታል። የዘርፉ ሰዎችም ይህን ዓይነቱን «ተጎታች ሞገድ» ይሉታል።

በማግስቱ ተማሪዋን ቢሮ ጠርቼ ሁለቱንም ሥዕሎች አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየች። «ታዲያ እኛ ሰፈር የሚደረገው ሁሉ ግልባጩ ነው» አለች። «መድኃኒት የሚረጨው ፍሬው ከጠቆረ በኋላ ነው። ጎረቤትም የሚያዝነው ያኔ ነው።» ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ፈልጋ ይሁን አይሁን እንጃ፣ እኔ ግን እሱን ነው የሰማሁት።

ወደ ቡናው

ከቤተሰቧ ማሳ አንድ ቅርንጫፍ አምጥታ ነበር። አረንጓዴ ፍሬዎች በአንገታቸው ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ላይ ሰርጎድ ያለች ጥቁር ነጠብጣብ አለች። ከእሱ በታች ያለው ፍሬ ግማሹ ጠቁሯል። ሦስተኛው ሙሉ በሙሉ ደርቆ፣ ተኮማትሮ፣ ግን ሳይወድቅ ቅርንጫፉን ሙጭጭ ብሎ ይዟል። በጥፍሬ ስሰብረው ውስጡ ያለው ጥሬ ተጨማዶ ጠቁሯል። ይህ የቡና ፍሬ በሽታ ነው፤ ባለሙያውም ገበሬውም በአጭሩ ሲቢዲ ይለዋል። ፈንገሱ የሚወደው ደጋ ደጋውን፣ ቀዝቀዝ ያለና ዝናብ የበዛበትን ቦታ ነው። ከፍሬ ወደ ፍሬ የሚያሻግረውም በዋናነት የዝናብ ነጠብጣብ ፍንጣሪ ነው፤ የእኩልዮሹ «መሰራጨት» ከዚህ የበለጠ ግልጽ ሆኖ አይገኝም።

ታሪኩ ግን ለእኩልዮሹ አይመችም። በሽታው መጀመሪያ የታወቀው ኬንያ ውስጥ በ1922 ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የተገኘው በ1971 ነው። ከዚያ በኋላ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዋና ዋናዎቹን የቡና አካባቢዎች አዳረሰ። በዝናብ ፍንጣሪ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚሄድ ነገር በዚህ ዓይነት አይሄድም። ዐርባ ዘጠኝ ዓመት ወደ እኛ ሳይሻገር ቆይቶ በድንገት የሚዘል፣ ከዘለለም በኋላ የሚሮጥ ነገር፣ ሌላ የቀደመለት አለ፤ ችግኝ ይሁን፣ የለቃሚ ልብስ ይሁን፣ የጭነት መኪና ይሁን፣ ከዝናብ ሌላ ተሸካሚ አለው።

ለዚህ የተሰጠው ምላሽ ሁላችንም የምንኮራበት ነው። ከጅማ ወጣ ብሎ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ከአካባቢው ጫካና ማሳ መርጦ አወጣ። ዛሬም ገበሬው 741፣ 74110፣ 74112 እያለ በቁጥር የሚጠራቸው ናቸው፤ 74 ማለት የተመረጡበት ዓመት 1974 ነው። ልጅ ሳለሁ ሰዎች ቡናን በቁጥር ሲጠሩ የስልክ ቁጥር ይመስለኝ ነበር።

የሚቋቋም ዝርያ በእኩልዮሹ ውስጥ የሚነካው የመባዛትን መጠን ነው። እዚህ ላይ ስኩዌር ሩቱ ክፉ ቀልድ ይቀልዳል። የበሽታውን መባዛት በግማሽ ብትቀንሱት ፍጥነቱ በግማሽ አይቀንስም፤ 70 በመቶ ያህሉ ይቀራል። ፍጥነቱን በግማሽ ለመቀነስ መባዛቱን ወደ ሩብ ማውረድ ያስፈልጋል። መባዛቱንም መሰራጨቱንም እኩል በግማሽ ብትቀንሱ ደግሞ ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል። በአንዱ ላይ ብቻ ከመረባረብ ሁለቱንም ትንሽ ትንሽ መንካት ያዋጣል ማለት ነው፤ ይህንን ያለ ሒሳብ በግምት መድረስ የሚቻል አይመስለኝም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ምክር ደግሞ የቦታ ስም ተጨምሮለት መነበብ አለበት፦ ቅጠሉን የት? ዛፉ ሁሉ ጤነኛ በሚመስልበት፣ ከመጨረሻው በሽተኛ ዛፍ ወዲያ ባለው ማሳ። እዚያ ላይ ደግሞ ገንዘብ አውጣ ቢባል ማን ይሰማል? ምንም አይታይማ።

ሌላም ሞገድ አለ፤ እሱን በተመለከተ ከተማሪዋ ጋር አንስማማም። አዲሱ ዝርያ ራሱ ከገበሬ ወደ ገበሬ የሚሄድ ሞገድ ነው። እኔ እንደማስበው ግን ይሄኛው ተጎታች አይደለም። አንድ ገበሬ ብቻውን ነባሩን ቡና ነቅሎ አዲስ አይተክልም፤ ጎረቤቶቹ ሲያፈሩ ካላየ አያምንም። ከተወሰነ ቁጥር በታች የሚጠፋ፣ ከዚያ በላይ የሚያድግ ነገር ሲሆን ሒሳቡ ይገለበጣል፦ የሚፈቀደው ፍጥነት አንድ ብቻ ይሆናል፣ ከኋላ ያለው ብዛት ይገፋዋል፣ በጣም ቀላል በሆነው አቀራረብ ደግሞ ያ የመነሻ ልክ ከግማሽ በላይ ከሆነ ሞገዱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከዚህ ተነሥቼ ችግኝን በየቀበሌው ጥቂት ጥቂት ከመበተን አንድ ቦታ ላይ አጥግቦ መስጠት ይሻላል እላለሁ። እሷ ደግሞ «አባቴ የተከለው ማንንም ሳያይ ነው» ትለኛለች። አንድ አባት ግን ሒሳቤን አያፈርስም፤ እልኸኛ ገበሬ የትም አለ።

የመመረቂያ ጽሑፏን ርዕስ ባለፈው ሰሞን አጽድቄላታለሁ። በዝናብ ፍንጣሪው ብቻ ሳትወሰን ረጅም ዝላይንም የሚያስገባ እኩልዮሽ ትሠራለች። ኮት፣ ሉዊስ እና ቫን ደን ድሪሽ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1996 እንዳሳዩት የዝላዩ ጭራ በቂ ውፍረት ካለው፣ ማለትም እጅግ ሩቅ የሚዘሉት በቂ ያህል ከበዙ፣ ሞገዱ የረጋ ፍጥነት የሚባል ነገር አይኖረውም፤ እየፈጠነ ይሄዳል። ይህ በቡናችን ላይ ደርሶ እንደሆነ ለመመርመር የሚያስፈልጋት ችግኝ ከየትኛው ጣቢያ ተነሥቶ ወደ የትኛው ቀበሌ እንደተጫነ የሚያሳይ አሮጌ መዝገብ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በኮምፒውተር ውስጥ አይገኝም፤ ካለ በአንድ ጡረተኛ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ቤት፣ በደብተር ነው። ከአንባቢዎቼ መካከል በጅማ ዞን እንዲህ ያለ ሰው የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ፤ ደብተሩን ፎቶ አንሥተን ለባለቤቱ እንመልሳለን።